ከሩቁ ሣር የተለካች ካቴና

ሰኞ ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የስፖርት መምህራችን ድምፅ ማጉያውን ተቀበለችና ሁለት ስም ጠራች። ሁለተኛው የእኔ ነበር። ለዞኑ የተማሪዎች ውድድር ወረዳችንን ወክለው ደብረ ታቦር ላይ ብስክሌት ከሚጋልቡት ሁለት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ! መጀመሪያ አልሰማሁም። ከኋላዬ የተሰለፈችው ልጅ ጀርባዬን በጡጫ ስትለኝ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ዘለልሽ አሉኝ። አንድ ጫማሽ ወልቆ ዘጠነኛ ክፍሎች ሰልፍ ውስጥ ገባ አሉኝ። ጫማው መመለሱን ብቻ አውቃለሁ፤ አሁን እግሬ ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ “እንዴት ቻልሽው?” ይለኛል። “ተለማምጄ” እላለሁ፤ አጭር መልስ ነው፤ ሰውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን መለማመድማ ሁላችንም ተለማምደናል። እኔን ዳገቱን ያስወጣችኝ በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ጥርሳም ብረት ናት፤ እሷንም ከንቱ ከመሆን ያዳናት የአባቴ የበሬ ገመድ ነው። ይህን በመንገድ ላይ ቆሜ ለማን አስረዳለሁ? ስለዚህ ጻፍኩት።

ብስክሌቷ የእናቴ ወንድም ንብረት ነበረች። አጎቴ በወጣትነቱ ባሕር ዳር ይወዳደርባት ነበር፤ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት። ጎማዋ ቀጭን ነው፤ አካሏ ቀጭን ነው፤ መሪዋ ደግሞ ወደ ታች ታጥፎ ስለሚወርድ ስትነጃት ጎንበስ ትያለሽ። ከተማችን ወረታ ውስጥ “ቀንዳሟ” ነው የሚሏት። አባቴ ገና ሲያያት ዙሪያዋን ዞረና፣ “የፎገራ ላም ቀንዷ አጭር ነው። ይች የየት አገር ዘር ናት?” አለ።

ከኋላ ጎማዋ ላይ አምስት ጥርሳም ክቦች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ያንን ድርድር ነው ፒኞን የሚሉት፤ እያንዳንዱን ክብ ደግሞ ጥርስ እንለዋለን። ዳገት ሲመጣ ካቴናው፣ ፔዳሉን ከኋላ ጎማው የሚያገናኘው ሰንሰለት፣ ወደ ትልቁ ይሻገራል፤ ሜዳ ሲመጣ ወደ ትንሹ። እንግዲህ እንዲህ ነው የተሠራችው። እኛ አገር ግን ዳገት የት አለ? ፎገራ ላይ ውኃ እንኳ ወዴት እንደሚወርድ አያውቅም፤ ክረምት ሲገባ እዚያው ቆሞ ይከርማል፤ እኛም ሩዝ እንዘራበታለን። ስለዚህ የወረታ ጠጋኞች አንድ ልማድ አላቸው፦ ማርሽ ያላት ብስክሌት ከመጣች ካቴናውን መሐለኛው ጥርስ ላይ አድርገው ማርሹን በሽቦ ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። “ትርፍ ዕቃ ነው፤ ያስቸግርሻል” ይላሉ። ቀንዳሟም ወደ ወረታ በመጣች በሳምንቷ ታሰረች። እኔ የወረስኳት ከነሽቦዋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጥርስ ብቻ ስነዳት፣ ሜዳው ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም ነበር።

ታዲያ ጥር ሲገባ መምህራችን ሰበሰበችንና፣ “ዘንድሮ ውድድሩ ደብረ ታቦር ነው። ደብረ ታቦር ዳገት ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ከወረታ ተነሥቶ ዓለም በርን አልፎ ዳገቱ ራስ ላይ ነው የሚያበቃው። ከዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ” አለች። ዓለም በር ማለት በደብረ ታቦር መንገድ ሜዳው የሚያልቅባት፣ ተራራው የሚጀምርባት ከተማ ናት። ልቤ እዚያው ወረደ።

ቤት ስነግራቸው እናቴ የምታጥበውን ልብስ ጨመቀችና፣ “ይህን ያህል ካማረሽ ሞክሪ” አለችኝ። “ካልተመረጥሽ ግን ቀንዳሟ ለወንድሜ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ማጎንበስ የለም። አንችም ወደ ሽንኩርቱ።”

“እሽ” አልኩ። እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። ሁለት ዓመት ስታጉረመርም ኖራ አሁን መቁረጫ አገኘች። በጥር ደግሞ ሽንኩርቱ ውኃ የሚጠጣበት ጊዜ ነው፤ ሥራው አያልቅም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽቦውን በአባቴ ጉጠት በጠስኩና ብቻዬን ወደ ዓለም በር ሄድኩ። ካቴናውን ወደ አምስተኛው ጥርስ፣ ወደ ትልቁ አወጣሁት። ዙሪያውን ሃያ አንድ ጥርስ ነው ያለው፤ ቆጥሬዋለሁ። ዳገቱን ጀመርኩ። አንደኛውን ጥምዝ ዞርኩ። ሁለተኛው ላይ ቆሜ ፔዳሉን ረገጥኩ። ሦስተኛው ላይ እግሬ እንቢ አለ። ወርጄ እየገፋሁ ሳለሁ ከላይ ድንች ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች አጋጠሙኝ። አንዷ ሸክሟን ሳታወርድ አየችኝና፣

“ምነውሳ ልጄ? በሬሽ ተኛብሽ?” አለችኝ።

ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። “ጅራቱን ብትጠመዝዥውስ!” ትላለች አንዷ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ግን እውነቷን ነው፤ በሬዬ ተኝቷል።

በነጋታው መንገድ መገናኛው አጠገብ ወዳለችው ሱቅ፣ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ባሕር ዳር ብስክሌት ብቻ ነበር የሚሠሩ፤ አሁን ባጃጅም ይሠራሉ፣ በዚህ ወቅት ደግሞ የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር ከየቀበሌው ይጎርፍላቸዋል። ቀንዳሟን ሲያዩ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

“ሽቦዬን በጥሰሽ መጣሽ?” አሉኝ። ለካ ያሰሯት እሳቸው ናቸው!

“ጋሸ፣ ዳገት ልወጣባት ነው።”

“በዚህ ፒኞን አትወጭም። ይህ የውድድር ነው፤ ጥርሱ ሁሉ ተቀራራቢ ነው። አጎትሽ ጉልበት ነበረው። አንች ከኋላ ሰፋ ያለ ጥርስ ያስፈልግሻል። ከኋላ ጥርሱ ሲበዛ እግርሽ ብዙ ይዞራል፣ ጉልበትሽ ግን ይቀልላል።”

“ይገኛል?”

“የድሮ ወዳጅ ባሕር ዳር አለኝ። ከሌለው የለም።”

ከአራት ቀን በኋላ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣ። ትልቁ ጥርስ ሃያ ስምንት! በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ብር ሳህን የሚያበራ። ከእሱ ጋርም አዲስ ካቴና።

አሮጌውን ማውለቅ ነበር ትግሉ። ፒኞን ጎማው ላይ እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥምዝ ነው የሚገባው፤ ሰው በረገጠ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ይሄዳል።

“ታዲያ አጎቴ ስንት ዓመት የረገጠውን ነው የምንፈታው?” አልኳቸው።

“አጎትሽንም አንችንም ነው የምንፈታ” አሉ። ጥምዙ ላይ ነጭ ጋዝ አንጠባጥበው አሳደሩት። በማግሥቱ ሁለት ጆሮ ያላትን መፍቻ ከሣጥን ሥር አወጡ፣ ብረት መያዣው ሞርሳ ውስጥ አጣብቀው አሰሯት፣ ጎማውን አጋድመው ከላይዋ አስቀመጡ። ከዚያ እኔ በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላ ወገን ቸርኬውን ይዘን እንደ መኪና መሪ አዞርነው። ንቅንቅ የለም። “በስመ አብ በይና!” አሉኝ። አልኩ። ቀጭ! የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተሰበረ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲስቁ ሰማኋቸው። ተፈቷል።

ሥሩ የደረቀ ቅባት ነበር፤ ቅባቱ ውስጥ የሩዝ ገለባ። አስቡት፣ ስንት ዓመት የፎገራ ሩዝ ስትፈጭ ኖራለች! መሐለኛው ጥርስ እንደ ውሻ ክራንቻ ሾሏል፤ አራቱ ግን ዛሬ ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ። አንዱ ብቻውን አርጅቶ ወንድሞቹ ገና ሕፃናት ናቸው። አሳዘነኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

አዲሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥምዙን ቅባት ቀባሁ፤ በጣቴ ብቻ እያዞርኩ አስገባሁት። “በመዶሻ እንዳትነኪው፤ ማጥበቁን ለእግርሽ ተይለት” አሉኝ ጋሸ። ቀጥለው አሮጌውን ካቴና ጆንያ ላይ ዘረጉ፤ አዲሱን ከጎኑ ዘረጉ። ቀለበት ከቀለበት፣ አንድ ለአንድ አስተካከሉና የተረፈውን ቆረጡ። “ይኸውልሽ፤ ፀጉር አይበልጥ፣ ፀጉር አያንስ” አሉ፤ ኮርተዋል። እኔም ኮራሁ። ተቆርጣ የቀረችውን ቁራጭ ለጌጥ ሰጡኝ፤ ደብተር ቦርሳዬ ላይ አንጠለጠልኳት። ስሄድ ቅጭል ቅጭል ትላለች። ክፍል ውስጥ ያልጠየቀኝ የለም።

ሙከራውን በጎንደር መንገድ እስከ ርብ ድልድይ አደረግኩ። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ቅቤ! አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ጥርስ፤ ካቴናው ሳያንኳኳ ይሻገራል። አምስተኛውን ግን አልነካሁትም። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ይባላል አይደል? እኔ ደግሞ ጥምቀቴ ዳገቱ ነው አልኩና አዲሱን ቀሚስ ሣጥን ውስጥ አቆየሁት። በሜዳ ትልቁን ጥርስ ምን ያደርጉታል? ደግሞስ እንደዚያ እያበራ በአቧራ ላቆሽሸው? ተመልሼ ለጋሸ “አልቋል” አልኳቸው። እሳቸውም ከሞተር ሥር አንገታቸውን ሳያወጡ “አልቋል!” አሉ።

ሁለት የሜዳ ሰዎች የዳገት ማርሽ በሜዳ ሞክረን “አልቋል” አልን። አሁን ሳስበው ሳቄ አይቆምልኝም። ያኔ ግን ለአንዳችንም አልታየንም።

ማጣሪያው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ከትምህርት መልስ ዳገቱን ልየው ብዬ ወጣሁ። ልቤ ሙሉ ነበር። የመንገዱ አንደኛ ጥምዝ ሥር ስደርስ በሙሉ ክብር ማርሹን ወደ አምስተኛው ሳብኩት። ካቴናው ወጣ፤ ግማሽ መንገድ ትልቁን ጥርስ ነከሰና ቀጥ አለ። እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ካቴናውን ከጥርስ ጥርስ የምታሻግረው ትንሽ ክንድ፣ ካምቢዮ የሚሏት፣ ወደ ፊት ተለጥጣ ልትነቀል ደረሰች። ፔዳሉ ድርቅ አለ። እኔም ከነቀንዳሟ በጎኔ ወደቅኩ።

ክርኔ ተልጧል፤ እሱን ያየሁት ግን በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ካምቢዮዋን ነው። አልተሰበረችም። በቦርሳዬ በነበረው መፍቻ የኋላ ጎማውን አላላሁና ካቴናውን ወደ ትንሹ ጥርስ መለስኩት። ከዚያ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ነገ ማጣሪያ ነው። ትልቁ ጥርስ አለኝ፤ ካቴናው ግን አይደርስበትም። ለጋሸ ስደውል ስልኩ አይነሣም። የእናቴ ድምፅ “አንችም ወደ ሽንኩርቱ” እያለ ይመጣብኛል። ትንሽ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም።

ወረታ ስገባ ቤት አልሄድኩም፤ ሩዝ ወደታጨደበት ማሳችን ሄድኩ። አባቴ ቃርሚያው ላይ በሬ እየቸከለ ነበር። ክርኔን አየና “ቀንዳሟ ወጋችሽ?” አለኝ። ነገርኩት። አባቴ ስለ ብስክሌት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ቁጢጥ ብሎ ካቴናዋን በጣቱ ጫን ጫን አደረጋት።

“ይችን ገመድ ማን ለካት?”

“ጋሸ። በአሮጌዋ ልክ።”

“አሮጌዋ እስከ የት ትደርስ ነበር?”

“እስከ ሃያ አንድ ጥርስ።”

“አሁን እስከ የት እንድትደርስልሽ ነው?”

“እስከ ሃያ ስምንት።”

ተነሣና በእጁ የያዘውን የበሬ ገመድ አሳየኝ። “እኔ ገመድ ስቆርጥ ከችካሉ አጠገብ ቆሜ አልለካም። ሄጄ፣ በሬው የሚበላው የመጨረሻው ሣር ላይ ቆሜ ነው። ለአምናው ማሳ የቆረጥኩትን ዘንድሮ ሰፊ ማሳ ላይ ባስረው በሬው ሣሩን እያየ ጦሙን ያድራል።”

ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ! ጥርሱ ሲሰፋ መንገዱ ሰፋ፤ እኛ ገመዱን በድሮው ማሳ ለካነው። እንዴት ይኼ ለሁለታችንም ጠፋን?

“ታዲያ ቀጥሊያታ” አለ አባቴ፣ ቀላል ነገር እንደሚያወራ። “መቀጠያ ገመድ የላችሁም?”

እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ። ቁራጯ ቅጭል ቅጭል አለች።

ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ጠበቅኳቸው፤ ጋሸ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው ከሞተር ጥገና የተመለሱ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። የሆነውን ስነግራቸው ግንባራቸውን መቱ፤ ግንባራቸውም ጭቃ ሆነ።

“ወይ ሜዳ! ወይ ሜዳ አሞኘኝ!” አሉ። “ባሕር ዳር ሳለሁ በዚህ ስሕተት ለማጅ እቀጣ ነበር እኮ። ማን ነገረሽ?”

“አባቴ።”

“አባትሽ ብስክሌት ያውቃል?”

“በሬ ያውቃል።”

ሳቁና እጃቸውን ዘረጉልኝ። “እጄ ጭቃ ነው። አንች ክፈችው።” የካቴና መግፊያዋን ሰጡኝ። ትንሿን ዘንግ በቀስታ ገፍቼ ካቴናውን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ከሩቁ ሣር ነው የለካነው፦ ካቴናውን ከፊት በፔዳሉ ትልቅ ጥርስ፣ ከኋላ በትልቁ ጥርስ ላይ አዞርነው፤ ከዚያ ለመተንፈሻ ሁለት ቀለበት ጨመርን። በጠቅላላው ከቦርሳዬ ጌጥ አራት ቀለበት ወሰደ። ብስክሌቷን አንጠልጥለን ፔዳሉን በእጄ አዞርኩ። አምስተኛው ላይ ወጣ። ዞረ።

“አልቋል?” አልኩ።

“ኧረ በሕግ! ገና ሜዳ ላይ ነን” አሉኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከሁሉ ቀድሜ ዳገቱ ሥር ደረስኩ፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል በአምስተኛው ወጣሁ። እሽ አለኝ። ወርጄ ወረታ ተመለስኩ። ታዲያ ያንን ሁሉ መንገድ ከማጣሪያው በፊት መንዳቴን መምህሬ አታውቅም፤ ይህን ስታነብ ትቆጣኛለች።

ስምንት ሴቶች ተሰለፍን። አንዷ የዓለም በር ልጅ ናት፤ ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው፣ ውኃ ስትቀዳ እንኳ የምትወጣው እሱን ነው። ቀንዳሟን አየችና፣ “የሜዳ ልጅ፣ ይችን ለእርድ ነው የምትነጃት?” አለችኝ።

“ዳገቱ ላይ ጠብቂኝና ሥጋ ታገኛለሽ” አልኳት።

እስከ ዓለም በር ድረስ እኔ መራሁ። ከዚያ ሜዳው አለቀ። የዓለም በሯ ልጅ እያፏጨች አለፈችኝ፤ በእግዜር ታፏጭ ነበር! እኔ ማርሹን ሳብኩ። አራተኛ። አምስተኛ። ካቴናው ቀስ ብሎ ወጣና ትልቁ ጥርስ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። እግሬ በአንዴ ቀለለ። እንደ እሷ አልበረርኩም፤ እንደ ባለ ጉዳይ በሬ፣ ረጋ ብዬ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። አንደኛው ጥምዝ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ፣ ወርጄ የገፋሁበት ቦታ ላይ፣ እነዚያ ድንች ተሸካሚዎች ሲወርዱ አገኘኋቸው። ያችው ሴትዮ አወቀችኝ።

“እሰይ! ተነሣ በሬዋ!” ብላ ጮኸች። ሁሉም እልል አሉ። እያለከለክሁ ስለነበር መመለስ አልቻልኩም፤ ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ከእኔ በኋላ የነበሩት ወርደው ገፉ። እኔ እግሬን መሬት ሳላስነካ ጫፍ ደረስኩ። የዓለም በሯ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላ ነበር። አየችኝና እፍኟን ዘረጋችልኝ።

“ሥጋውስ?” አለችኝ።

“በሬው ገና ይሠራል” አልኳት። እንደ እኅትማማች ተሳሳቅን። ሰኞ ጧት መጀመሪያ የተጠራው ስም የእሷ ነው፤ ይገባታል።

ሰኞ ጫማዬን አድርጌ ሮጬ ቤት ስደርስ እናቴ ከእኔ በፊት ሰምታለች። ስልክ ይዛ ከወንድሟ ጋር እያወራች ነው። “አትጠብቃት” ትለዋለች፤ “አልመልስም። ልጄ ደብረ ታቦር ትሄድባታለች።” ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ “ሽንኩርቱ ግን ውኃ አልጠጣም” አለችኝ። እየዘለልኩ ሄድኩ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ እናንተ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔና የዓለም በሯ ልጅ ዳገቱ ሥር እንገኛለን። ከወረታ፣ ከይፋግ፣ ከሐሙሲት፣ ከየትም የምትመጡ እኅቶቼ፣ ማርሹ በሽቦ የታሰረ ብስክሌት ቤታችሁ ካለ ከነሽቦው አምጡት፤ እዚያው እንበጥሰዋለን። ብስክሌት የሌላችሁም በእግራችሁ ኑ፤ ቀንዳሟን በየተራ እንወጣባታለን። ቆሎ እሷ ታመጣለች። ካቴና መግፊያዋን ጋሸ አውሰውኛል፤ ቦርሳዬም ላይ ገና ጥቂት ቀለበት ቀርቷል።